ሊግ የገባው ልጃችንና የእትዬ አስካለ ጣሪያ

ሙስጠፋ ኳስ ተጫዋች አይደለም። መጀመሪያ እሱን ጻፊው ሀያት፣ ትልቅ አድርገሽ ጻፊው። ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ጀምሮ ወፍጮ ቤት ስሄድ፣ ውሃ ልቀዳ ስወጣ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር «ልጅሽ ስንት ጎል አገባ?» የሚለኝ ሰው አላጣሁም። ለእያንዳንዱ እየቆምኩ ከምመልስ አንዴ ልናገረውና አንቺ አንብቢላቸው። ጉልበቴ መቆም አይወድም።

ነገሩ የመጣው ከስልክ ነው። ሙስጠፋን ታውቁታላችሁ፣ የልጄ ልጅ ነው፣ አባቱ ሲሞት እኔው ነኝ ያሳደግኩት። አዲስ አበባ ነፋስ ስልክ የሚባል ሰፈር ተከራይቶ ይኖራል። አንድ ቀን ደውሎ «እማዬ፣ ሊግ ገባሁ፣ አመራርም ሆኛለሁ» አለኝ። ሊግ ምን እንደሆነ እኔ በምን አውቄ? ባለሱቁን ሸምሱን ጠየቅኩት። ሸምሱ እንደምታውቁት ቀኑን ሙሉ ኳስ ሲያይ ነው የሚውለው፣ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳና ሊግ ከገባማ በቴሌቪዥን ይታያል አለኝ። አመራር የሚለውንም አምበል ማለት ነው ብሎ ተረጎመልኝ። በዚሁ አለቀ። ሰፈሩ እየመጣ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ፣ እኔም አውራ ዶሮዬን አሳረድኩ። ያ ዶሮ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

እንግዲህ ሲጫወት ልየው ብዬ በሰኔ መግቢያ ረቡዕ ቀን ተነሳሁ። ቆጮ በኮባ ጠቅልዬ፣ ቅቤ በጣሳ ይዤ ቡታጅራ መናኸሪያ ደረስኩ። የአውቶቡሱ ረዳት ቆጮውን ሲያይ አፍንጫውን ያዘና ይሄ ላይ ነው የሚወጣው አለኝ። ላይ ደግሞ ሁለት ፍየል ታስሯል። የሊግ ተጫዋች የሚበላው ነው ስለው ፊቱ ተለወጠ፣ ተቀብሎኝ ከራሱ ወንበር ስር አስገባልኝና የቱ ክለብ ነው የሚጫወተው አለኝ። አላውቅም ስለው አዘነብኝ። ቡኢን አልፈን ሁሉ ክለብ እየጠራ «ይሄ ነው? ይሄ ነው?» ሲለኝ ራሴን አዞረው። ፈረንጆች እያዩ የሚሄዱትን የጢያ ድንጋይ ሳይቀር በሱ ወሬ ሳላየው አለፈኝ። አዋሽን ተሻገርን፣ ዓለም ገናን አለፍን፣ አየር ጤና ወረድኩ።

እዚህ እኛ ጋ እንግዳ ይመጣል ከተባለ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ዳር ይቀመጣል። እዚያ ስደርስ ማንም የለም። ስደውል ሙስጠፋ በሹክሹክታ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ የጀሞን ታክሲ ያዢ፣ ከዚያ ሀይሌ ጋርመንት ውረጂና ጠብቂኝ አለኝ። በዚህ እድሜዬ ቆጮ አዝዬ ታክሲ ተጋፋሁ። አንዱ ወያላ «ጋርመንት የሞላ!» እያለ ይጮሃል፣ ሲገባ ግን ያልሞላ ነው፣ እስኪሞላ ተቀመጥን።

ጋርመንት ማለት የእኛን የሐሙስ ገበያ አምስት ጊዜ አጥፈህ አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ብታፈሰው ነው። ሀይሌ የሚባለው ሰውዬ ቤቱ የት ነው ብዬ ብጠይቅ ሳቁብኝ፣ የሰፈር ስም ነው አሉኝ። ሽንኩርት የምትሸጥ ሴትዮ ግን ነጠላዬን አይታ በአገራችን ቋንቋ «የማን ነሽ?» አለችኝ። የሶዶ ልጅ ናት። የቲማቲም ሳጥን ገልብጣ አስቀመጠችኝ፣ ሻይ አዘዘችልኝ፣ ቆጮዬን ከሽንኩርቷ ጋር ሸፍና ጠበቀችልኝ። ቡታጅራ ገበያ ላይ እንዲህ ያደረገልኝ የለም፣ እውነቱን ልናገር።

አስር ሰዓት ሲል ሙስጠፋ መጣ። ደረቱ ላይ ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት ለብሷል፣ እንደሱው የተጻፈበት ኮፍያ አድርጓል። አቅፎ ሲስመኝ ጀርባውን በእጄ ዳሰስኩ፣ ከዚያ አዞርኩት።

«ቁጥርህ የታል?» አልኩት።

«የምን ቁጥር እማዬ?»

«የማልያህ ነዋ።»

ሽንኩርት ሻጯ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሙስጠፋ መጀመሪያ አልገባውም፣ ሲገባው ጆሮው ቀላ። ሊግ ማለት ኳስ እንዳልሆነ፣ የመንግሥት ፓርቲው የወጣቶች ሊግ እንደሆነ፣ እሱም የወረዳው ሊግ አመራር እንደሆነ እዚያው መንገድ ዳር አስረዳኝ። ታዲያ ምን ትሠራላችሁ አልኩት። ስብሰባ አለ አለ፣ ሰልፍ ሲጠራ ይወጣሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ፣ በክረምት ደግሞ የአቅመ ደካማ ቤት ያድሳሉ። ደሞዝ ስንት ነው አልኩት። በጎ ፈቃድ ነው አለኝ። ዶሮዬ ትዝ አለኝ።

ነፋስ ስልክ ስንደርስ ጭቃው መንገድ ላይ አንድ ግቢ አስገባኝ። ከጥጉ ሙስጠፋ የተከራያት አንዲት ክፍል አለች። ከፊት ለፊት ያለው ትልቁ ቤት፣ የባለቤቷ የእትዬ አስካለ ቤት፣ ጣሪያ የለውም። ወላሂ የለውም። ግድግዳው ቆሟል፣ በሩ ቆሟል፣ ከላይ ሰማያዊ ሸራ በገመድ ታስሯል። እሳት የወሰደው መሰለኝና አላህ ያጽናሽ ልላት ስል ሙስጠፋ ክንዴን ያዘኝ። «እያደስነው ነው» አለኝ፣ አይኔን ሳያይ።

እትዬ አስካለ በእድሜ እኩያዬ ናት፣ ባሏ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፣ ሞቷል፣ ልጅ የላትም። ሳል አለባት። እሷ ክርስቲያን እኔ ሙስሊም፣ ምን አቅርቤ ምን ልብላ ብዬ በመንገድ ሳስብ ነበር የመጣሁት። ሴትዮዋ አስባ ጨርሳዋለች። አዲስ ድስት ገዝታ በዚህ ስጋ ገብቶበት አያውቅም አለችኝ፣ ሽሮ ሠርታልኛለች፣ እሷም የሰኔ ጾም ላይ ናት። በሙስጠፋ ክፍል ግድግዳ ላይ ደግሞ በጠመኔ ምልክት አድርጋለች፣ ሙስሊም ጎረቤቷን ጠይቃ ቂብላ በየት በኩል እንደሆነ ነው። የገዛ ልጄ ያላሰበውን። ሰግጄ ስነሳ በረንዳዋ ላይ አብረን ቆጮዬን በላን፣ ወደደችው።

የጣሪያዋን ነገር ጠየቅኳት። ጣሪያው የተነሳ ቀን ግቢው በሰው ሞልቶ ነበር አለች፣ መኪና፣ ካሜራ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ሁሉም እንደ ሙስጠፋ ቲሸርት የለበሰ። ማስጀመሪያ ነው አሏት። የሊጉ ሰብሳቢ ራሱ ወጥቶ የመጀመሪያዋን ቆርቆሮ ነቀለ፣ አጨበጨቡ፣ ሌሎቹ የቀረውን ነቀሉ። ከዚያ መርቂን አሏት።

«መረቅኳቸው፣ እህቴ» አለችኝ። «ከሹመት ሹመት ያድርሳችሁ አልኩ። ምን ዋጋ አለው፣ ደረሰ! ሰብሳቢው በሳምንቱ ክፍለ ከተማ ተሾሞ ሄደ። አዲሱ ሲመጣ ይሄ ቤት ተጀምሯል አለ። አዎ ተጀምሯል፣ ማን አልተጀመረም አለ?»

ስቃ ስቃ ሳሏ መጣ። እኔ ግን አልሳቅኩም። በእኛ አገር ደቦ ሲጠራ ጣሪያ ተነስቶ ሳይመለስ የሚበተን ሰው አለ? ባለቤቲቱ ሜዳ ላይ እያደረች ቤቱ ገብቶ የሚተኛ አለ? ሙስጠፋን ስጠይቀው አልጋውን ለእትዬ አስካለ ለቆ እሱ መሬት ላይ እንደሚተኛ ነገረኝ። ቤቷ ለእድሳት እንዲመረጥላት ያደረገውም እሱ ነው፣ ደግ አደርጋለሁ ብሎ። ደግነትህ ጣሪያ ይኑረው አልኩት።

ሐሙስ ጠዋት ስብሰባ አለኝ ሲል ነጠላዬን አጣፍቼ ተከተልኩት። አዲሱን ሰብሳቢ ላነጋግረው ብዬ። እማዬ ተይ አለኝ፣ አልተውኩም። አዳራሹ ከመስጊዳችን ይሰፋል። አንዷ ልጅ ስታየኝ የአረጋውያን ተወካይ መስያት ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ፣ ውሃ በላስቲክ አቀረበችልኝ። ንግግር ተደረገ። የሚናገረው ሲጨርስ ይጨበጨባል፣ ሳይጨርስም ይጨበጨባል። ጎኔ ያለው ልጅ እያጨበጨበ ስልኩን ያያል። እኛ ጋ ሽማግሌ ሲናገር ማንም አያጨበጭብም፣ ግን ነገሩ ያልቃል፣ በሬው ይመለሳል ወይ ካሳው ይከፈላል። እዚያ ግን ከሻይ በፊት የተባለው ከሻይ በኋላ ተደግሞ ተባለ።

ሲበተን አዲሱን ሰብሳቢ ያዝኩት። ብሩክ ይባላል፣ ከሙስጠፋ ብዙ አይበልጥም፣ ትሁት ልጅ ነው፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊነካ ደረሰ። ሁለት ስልክ ይዟል። የእትዬ አስካለን ጣሪያ ጠየቅኩት።

«እማማ አይዞዎት፣ አቅጣጫ ተቀምጧል» አለኝ።

«አቅጣጫውንማ እትዬ አስካለ በጠመኔ አስቀምጣልኛለች። እኔ የምጠይቅህ ቆርቆሮ ነው።»

ሙስጠፋ መሬት ብትውጠው በወደደ። ብሩክ ሳቀና ነገሩን አስረዳኝ። ቆርቆሮ አለ፣ ከደጋግ ነጋዴዎች ተለምኖ ወረዳው ግምጃ ቤት ገብቷል። የሚወጣው ግን ለማስጀመሪያ ነው፣ ቅዳሜ ፉሪ የአንድ አባት ቤት ይጀመራል፣ ለዚያ ተመድቧል። የእትዬ አስካለ የተጀመረ ስለሆነ ተራው ሌላ ነው። መቼ ነው ተራው አልኩት። ሂደት ላይ ነው አለኝ። ደግሜ ጠየቅኩት፣ ደግሞ ሂደት አለኝ። አንዱ ስልኩ ጮኸ፣ ይቅርታ እማማ ብሎ ሄደ። የተናደድኩት ትሁት በመሆኑ ነው። ባለጌ ቢሆን ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር።

አርብ ዘነበ።

ከጁምዓ በኋላ ጀመረ፣ ያውም በበረዶ። ሸራው ውሃ ይዞ እንደ እርጉዝ ላም ሆድ ወረደ። እትዬ አስካለ በመጥረጊያ እንጨት ከስር ስትገፋው በአንድ ጎን ተደፋና ፍራሿን፣ ሳጥኗን፣ የባሏን ፎቶግራፍ አለበሰው። እኔ በባልዲ እቀዳለሁ፣ እሷ ትገፋለች፣ ጎረቤት መጣ፣ ድስት ይዞ የመጣ አለ፣ ጃንጥላ ይዞ መጥቶ ቆሞ የሚያይ አለ። የጭቃ ቤት እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ከላይ ውሃ ከገባው አለቀ። በስተጓዳው በኩል ያለው ማዕዘን ሲለሰልስ አየሁት፣ ጭቃው እየተንሸራተተ ጭራሮው ወጣ። እትዬ አስካለ አየችውና መጥረጊያዋን ጣለችው። ሄዳ ግድግዳውን በሁለት እጇ ደግፋ ቆመች፣ እንደ ሰው። «ተይው ይውደቅ፣ አንቺ ትብሺኛለሽ» ብላት አልሰማችኝም። ሳሏ እየናጣት እስኪያባራ እንደዚያ ቆመች። ክረምቱ ገና አልገባም፣ ይሄ መግቢያው ነው። አንድ ሁለቴ እንዲህ ከዘነበ ቤት የለም፣ የወደቀ ቤት ደግሞ አይታደስም፣ ቦታውም ይወሰዳል አሉ ጎረቤቶቿ።

ሙስጠፋ ሲያባራ መጣ፣ ለቅዳሜው ድንኳን ሲተክል ነው የዋለው። ገብቶ ማዕዘኑን አየ። ሰደብኩት። ያልሰደብኩት የለም፣ አባቱን ብቻ ነው የተውኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ቁጭ አለ።

«ብናገር ያወርዱኛል እማዬ» አለ። «ወረዳ ውስጥ አንድ ቦታ ሊሰጡኝ ነው። ተምሬ ስንት ዓመት ተቀመጥኩ? ሊግ የገባሁት ሥራ ብዬ ነው፣ ሁላችንም እንደዚያ ነን። አሁን ሲደርስ ላበላሸው?»

ዲግሪ አለው። ያስተማርኩት እንሰቴን ሸጬ ነው። ግድግዳውን አየሁ፣ እሱን አየሁ፣ ሁለቱም ያሳዝናሉ።

እዚያው ሳለን ስልኩ ጮኸ፣ ብሩክ ነው። እኔን ፈልጎ ነው። በማስጀመሪያው ላይ የሁለቱም ሃይማኖት እናትና አባት ቢመርቁ ጥሩ ነው ተብሏል፣ ቄስ ተገኝተዋል፣ የሙስሊም እናት ጎድላለች፣ አያትህ ዱዓ ቢያደርጉልን አለው። ሙስጠፋ ስልኩን በእጁ ሸፍኖ አየኝ። ለሱ እንደሚጠቅመው ገባኝ። እሄዳለሁ አልኩ።

ቅዳሜ በሚኒባስ ወሰዱን። እየዘመሩ ነው የሚሄዱት። እነዚህ ልጆች ክፉ አይደሉም፣ እሱንም ጻፊ። ሐሙስ ከስብሰባው በኋላ ብዙዎቹ እትዬ አስካለ ግቢ መጥተው ቆጮዬን ጠራርገው በልተዋል፣ አንዷ አለሚቱ የምትባል ጠይም ልጅ ጣቷን ስትልስ አይቻታለሁ። ሀና ማርያምን አልፈን ፉሪ ደረስን። በአንድ በኩል አዲስ ፎቅ፣ በአንድ በኩል ማሳ። የምትታደሰው የአባባ ደበላ ቤት በመሃል አለች፣ ቆርቆሮዋ የዛገ፣ ግን ያለ። አዲሱ ቆርቆሮ ደጁ ላይ ተቆልሎ ያበራል። ድንኳን፣ ድምፅ ማጉያ፣ ካሜራ የያዘ ልጅ። አባባ ደበላ የክት ኮታቸውን ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

«እነዚህ ልጆች ሲያነሱ ብቻ ነው የሚመጡት፣ ወይስ ሲመልሱም?» አሉኝ።

የእትዬ አስካለን ነገርኳቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ።

ቄሱ አጭር ጸሎት አደረጉ። ከዚያ ማይኩን ወደ እኔ አመጡት። ልጆቹ ደግ ናቸው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉልኝ። ካሜራው መጣ። እኔ ዱዓ ላደርግ ነው የሄድኩት፣ ሌላ አሳብ አልነበረኝም፣ አላህ ያውቃል። ግን ያን ሁሉ እጅ አንድ ላይ ተዘርግቶ ሳየው አንድ ነገር አየሁ።

«ልጆቼ» አልኩ፣ «በእኛ አገር ደቦ ላይ ዱዓ የሚደረገው መጨረሻ ነው። ጣሪያው ሲከደን። እጁን የሚዘረጋውም ጭቃ የነካው ሰው ነው። እጃችሁን እዩት እስኪ።»

እጃቸውን አዩ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ኪሱ ከተተው። አለሚቱ ጀርባዋ ላይ ደበቀችው።

ብሩክ በፈገግታ ጠጋ ብሎ እማማ፣ ይሄ ፕሮግራም ነው፣ አጭር ምርቃት ብቻ አለኝ። እትዬ አስካለ አንድ ጊዜ ከፍላችኋለች አልኩት፣ ያልተሠራበት ምርቃት አላችሁ፣ መጀመሪያ እሱን ሥሩበት። ጉልበቴ ደግሞ መቆም አልቻለም። ዞር ብዬ ባገኘሁት ላይ ተቀመጥኩ። የተቀመጥኩት ቆርቆሮው ላይ ነው።

ያኔ ነገሩ ተበላሸ። መሰላል የያዙት እንደያዙ ቀሩ። ካሜራ የያዘው ልጅ ልቅረጽ ልተው እያለ ብሩክን ያያል። እኔን ከዚያ ማን ያነሳኛል? አሮጊት ጎትቶ እርግማን የሚፈልግ የለም፣ ከተሜም ቢሆን ይሄን ያውቃል። ቄሱ ራሳቸው ዞር ብለው ከአባባ ደበላ ጋር ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ። አባባ ደበላም ጮክ ብለው የእኔ የሚያፈሰው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፣ እስከ መስከረም ባልዲ ይበቃኛል፣ አትንኩብኝ አሉ።

ብሩክ አሁን ፈገግታው ሄደ። ሙስጠፋን ጠርቶ «አያትህን አንሳት» አለው።

ሙስጠፋ መጣ። የማሳደጌን ዋጋ እዚህ ሰው ፊት ላየው ነው አልኩ። ጎንበስ ብሎ ክንዴን ያዘ።

«ተነሺ እማዬ» አለኝ። «እንጫነው፣ እትዬ አስካለ ጋ እንውሰደው።»

«ሙስጤ፣ አስበህበታል?» አለው ብሩክ፣ ቀስ ብሎ።

«አላሰብኩበትም። ባስብበት አላደርገውም።»

በአንድ ጫፍ ቆርቆሮውን አነሳ። ብቻውን አይነሳም፣ እጥፍ እያለ ይጮሃል። ትንሽ ቆመ እንደዚያ፣ ማንም አልመጣም። ከዚያ አለሚቱ ሄዳ ሌላውን ጫፍ ያዘች። ቀጥሎ ቆጮ ከበሉት መሃል ሁለት ሦስቱ መጡ። ሌሎቹ አልመጡም፣ ስልካቸውን አወጡ። ብሩክ አልጮኸም፣ አልከለከለም። ወደ ማሳው ወጣ ብሎ ለረጅም ጊዜ በስልክ አወራና ተመልሶ ውሰዱት አለ፣ ግን ሲያልቅ እማማ በካሜራ ፊት ይመርቁልን። እሺ አልኩት። የፈለገው ይህ ከሆነ ምን ከበደኝ። ካሜራ የያዘው ልጅ ግን ዕቃውን እየሰበሰበ ማጠናቀቂያ ላይ አንመጣም እማማ፣ ሽፋን የሚሰጠው ለማስጀመሪያ ነው አለኝ። ይሄን ሰማችሁ? እንደዚህ ያለ አገር ነው።

እሑድ ሥራ ሆነ። ስድስት ሆነው መጡ፣ ብሩክ የለም። ጣሪያ መንቀል እንጂ መክደን የሚያውቅ የለም። የመጀመሪያውን ረድፍ በአጉል ደረቡት፣ የላይኛው ከታችኛው ስር ገብቶ። ዝናቡ ቀጥ ብሎ ቤት ውስጥ ሊገባ ነው ብዬ ከስር ጮህኩ፣ ሁሉንም ነቅለው እንደገና ጀመሩ። ሚስማር አለቀ፣ ጎረቤት ከአሮጌ ሳንቃ እየነቀለ በድንጋይ እያቃና አቀበላቸው። ሐሙስ ጃንጥላ ይዘው መጥተው ሲያዩ... አርብ ነው ያልኩት፣ አስተካክዪው፣ አርብ ጃንጥላ ይዞ ቆሞ ያየኝ ሰውዬ ራሱ መጥቶ መሰላሉን ያዘ። እኔና እትዬ አስካለ ጭቃ በጭድ አቦካን፣ የፈረሰው ማዕዘን ላይ ለጠፍን። አለሚቱ ላይ ወጥታ መዶሻ ስትመታ እትዬ አስካለ «ይቺን ልጅ ማነው የሚያገባት?» ትላለች፣ ወንዶቹ ዝቅ ብለው ይስቃሉ። ምሳ ሽሮ ነበር፣ በሁለት ድስት፣ የኔው አዲሱ ድስት ጭምር።

ወደ መግሪብ ላይ፣ ጀምበር ስትጠልቅ፣ የመጨረሻው ቆርቆሮ ተመታ። ጫፉ ላይ ትንሽ ጎደለ፣ እዚያ ከአሮጌው አንዱን መለሱበት፣ ዝገቱ እንዳለ። ጭቃ በጭቃ ሆነው ግቢው መሃል ቆሙና እጃቸውን ዘረጉ። ልጀምር ስል እትዬ አስካለ በክርኗ ጎሸም አድርጋ «ሹመት የሚባል እንዳትጠሪ» አለችኝ። አልጠራሁም። ጤና ለመንኩ፣ ሥራ ለመንኩላቸው፣ ሥራ የሚለውን ደግሜ ለመንኩ። ግማሹ አሚን፣ ግማሹ አሜን አለ። ካሜራ የለም።

ሰኞ ተመለስኩ። በዚህ ጊዜ ሙስጠፋ እስከ አየር ጤና ሸኘኝ፣ ስብሰባ አልነበረውም። ጋርመንት ላይ ወርደን ሽንኩርት ሻጯን ሰላም አልናት፣ ኳሱ እንዴት ነው አለችው፣ ከሜዳ ወጥቻለሁ አላት። እየቀለደ መሰለኝ። ታክሲ ውስጥ ነው የነገረኝ፣ ጠዋት ደውለው ከአመራርነት አንስተውታል፣ ወረዳ ያለው ቦታም ለሌላ ልጅ ሆኗል። እነሱን ልርገም፣ ራሴን ልርገም? ከኔ ጋር አገርህ ግባ አልኩት። የእትዬ አስካለ ማዕዘን ሲደርቅ ሁለተኛ ልጥፍ ይፈልጋል አለኝ፣ ከዚያ መስከረም ላይ የአባባ ደበላ አለ፣ እነ አለሚቱ ቃል ገብተዋል። ማን ይከፍልሃል ስለው ሳቀ። ከዚያ ወዲህ የቀን ሥራ አግኝቷል፣ ሕንፃ ላይ አሸዋ ይሸከማል። ዲግሪ ይዞ አሸዋ። ያን ሰኞ በአውቶቡሱ መስኮት እጁን ሲያውለበልብልኝ መዳፉ ሚስማር የላጠው ነበር።

በእሱ ተናድጄ ነው የመጣሁት፣ አሁንም ተናድጃለሁ። ትናንት ከሰዓት እዚህ ዝናቡ ሲወርድ ደወልኩለት። ደመናው ወደነሱ እየሄደ ስለነበር ነው። እዚያም እየዘነበ ነው፣ በስልኩ ውስጥ ቆርቆሮው ሲጮህ ይሰማኛል። ስለ ሥራው ጠየቅኩት፣ በዝናብ ቀርተናል አለኝ። ለምን አትመጣም አልኩት፣ ይሄ ሊግ ምን አተረፈልህ አልኩት፣ የሸጥኩትን እንሰት ነገርኩት፣ ዶሮዬን ሳይቀር ነገርኩት፣ እየጮህኩ ነው።

«እማዬ» አለኝ፣ «ቀስ በይ። ቆርቆሮው አላሰማ ብሎኝ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌዋለሁ፣ እትዬ አስካለ ቤት ነኝ። ተኝታለች።»